እማዬ፣ ጣራው ላይ እኔ አልወጣም

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ትናንት ስለሚያፈሰው ጣራ በስልክ «ትንሽ ጠብ ጠብ ነው፣ ሳፋ አድርጌበታለሁ» ስትይኝ ዝም ያልኩት የምመልሰው ጠፍቶኝ ነው። በስልክ ብጀምረው ደግሞ «ተወው ልጄ» ብለሽ ታቋርጪኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። መነጽርሽን አድርጊና ረጋ ብለሽ አንብቢው።

መጀመሪያ የደበቅኩሽን ልንገርሽ። አምና ለፋሲካ መጥቼ የደፈንኩት ቦታ ትክክለኛው አልነበረም። ኮርኒሱ ላይ ያለውን ቢጫ እድፍ አየሁ፣ ልኩን ገመትኩ፣ ከላይ ወጥቼ ሲሊኮን ቀባሁ። አንቺም ቡና አፍልተሽ መረቅሽኝ። ለካ ውሃ በገባበት ትይዩ አይንጠባጠብም። ከላይ ይገባና ከቆርቆሮው ሥር ያለውን እንጨት፣ ሞራሌውን፣ ይዞ ቁልቁል ይሄዳል፤ የሚወርደው ሌላ ቦታ ነው። ቀዳዳው ከእድፉ ሁለት ሦስት ሜትር ሊርቅ ይችላል። እኔ የደፈንኩት ደህናውን ቆርቆሮ ነው። ከዚህም የባሰ አለ። ስወርድ የረገጥኩት ከሥሩ እንጨት የሌለውን ቦታ ነበር። ቆርቆሮው ጎበጠ፣ መደራረቢያውም አፉን ከፈተ። እያየሁት ዝም አልኩ። ከመኝታሽ በላይ የሚያፈሰው በዚያ በኩል ይመስለኛል። ይቅር በይኝ እማዬ። ክረምቱን ሙሉ አልጋሽን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ስትገፊ የከረምሽው በእኔ ምክንያት ነው።

«አባትህ ቢኖር በአንድ ቀን ይጨርሰው ነበር» ብለሻል። እውነትሽን ነው። ይህ ቃል ግን ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። አባዬ ሥራውን ያውቀዋል። ሚስማር ሁልጊዜ የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነበር፣ ቦዩ ውስጥ አይመታም፤ ውሃው የሚሄደው በቦዩ ነዋ። የሚረግጠውም ሚስማር የተደረደረበትን መስመር ብቻ ነበር፤ እንጨቱ ያለው ከዚያ ሥር ስለሆነ። እኔ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ የመኪና ካላማዳሪ በሳንቲም ልክ እቆርጥለታለሁ። መቀሱ ጣቴን ያቆስለኝ ነበር። እሱ እያንዳንዷን ጎማ በሚስማር አንገት ላይ ያስገባትና ይመታል፣ ውሃ እንዳይሰርግ።

ጣራው ዛሬ የሚያፈሰው አባዬ ስላጠፋ አይደለም። የአዳማን ፀሐይ ታውቂያታለሽ። ቀን ቆርቆሮው ይግልና ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል። አመሻሽ ላይ ጣ ጣ ሲል «ጣራው ተነፈሰ» ትይ የለ? በተነፈሰ ቁጥር ሚስማሩ ትንሽ ትንሽ ይላላል። ጎማውም ይደርቅና ይሰነጠቃል። ንፋሱ ደግሞ አለ። በፈጣን መንገዱ አዳማ ልገባ ስል ኮረብታው ላይ የንፋስ ማመንጫዎቹን አያለሁ። መጀመሪያ 34፣ በኋላ ሌላ 102 ተተከሉ። እዚያ የተተከሉት ንፋሱ ስላለ ነው። ያው ንፋስ የእኛንም ቆርቆሮ እነዚህን ሁሉ ዓመታት ሲጎትት ኖሯል። አባዬ የሠራው ብዙ ቆየ እንጂ አልተበላሸም።

አንድ ሁለት ሚስማር ብቻ ቢሆን ራሴ እወጣ ነበር። የሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ግን ያንኑ ሚስማር መልሶ መምታት ዋጋ የለውም፣ አይዝም። እንጨቱ ደግሞ አንድ ክረምት ውሃ ጠጥቷል። በስብሶ ከሆነ ሚስማርም አይዝም፣ ሰውም አይሸከምም። የመብራቱ ሽቦም የሚገባው በዚያው ጥግ በኩል ነው። እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ። ስለዚህ ባለሙያ ይውጣ። ቆርቆሮውን ገልጦ እንጨቱን ይይ፣ የበሰበሰውን ይቀይር። ይህን ሳደርግ አባዬን ያቃለልኩት እንዳይመስልሽ።

እኔ ቅዳሜ ስመጣ ከታች ያለውን ሥራ እሠራለሁ። መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቼ በኮርኒሱ መግቢያ አንገቴን አስገባለሁ። ቀን ከሆነ ቀዳዳው ሁሉ እንደ ኮከብ ያበራል፣ በጠመኔ ምልክት አደርግበታለሁ። ከዚያ ባለሙያው በውሃ ጎማ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ቀስ እያለ ያርጥብ፤ እኔ ከውስጥ የት እንደሚገባ አያለሁ። አሸንዳውንም እጠርጋለሁ፣ ቅጠል ሞልቶት ውሃው ወደ ግድግዳው እየተመለሰ ነው።

እስከዚያ ድረስ ለማንም ቀብድ እንዳትሰጪ። ቆርቆሮውን አብረን ሄደን እንገዛለን። ጌጅ የሚሉት የውፍረቱ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። «ባለ 35 ርካሽ ነው» ቢሉሽ እሺ አትበይ፤ እኔ ያሰብኩት ባለ 32 ወይም ባለ 30 ነው። የዕቁቡን ብር እንዳትነኪው፣ እሱ የዓይንሽ ሕክምና ነው። የጣራውን እኔ እከፍላለሁ።

የመኝታ ቤቱን መብራት አታብሪ። ሳሎን ተኚ። ኮርኒሱ ከረገበ ከሥሩ አትቁሚ። የጎረቤቱ ልጅ «እኔ ልውጣልሽ» ቢል ደግሞ በፍጹም እንዳትፈቅጂለት። እሱም እናት አለው።

አሮጌዎቹ ሚስማሮች ሲነቀሉ ባለሙያው እንዳይጥላቸው እነግረዋለሁ። ካላማዳሪው ያልወለቀባቸው ካሉ ሁለቱን እኔ እወስዳለሁ፣ የቀረውን አንቺ አስቀምጪው።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ቁርስ አብረን እንበላለን።

ልጅሽ