የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ለ10,000 ዓመት የሚቆይ ማስጠንቀቂያ ፍለጋ

በዕቅዳችን ላይ የሰፈሩት ሦስት ሥራዎች ነበሩ፦ የውኃ ማጣሪያ ሠርቶ ማሳየት፣ ችግኝ ተከላና የጥያቄና መልስ ውድድር። ሦስቱም ተከናውነዋል፤ ውድድሩን 11ኛ ክፍሎች አሸንፈዋል። ስለ እነሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ዓመቱን የበላው በዕቅዱ ያልነበረ አንድ ጥያቄ ነው።

በኑክሌር ቆሻሻ ውስጥ የሚገኘው የፕሉቶኒየም 239 ግማሽ ዕድሜ (መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 24,100 ዓመት ገደማ መሆኑን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ወደ ስሌቱ ላልፍ ስል፣ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄን ቀብረው ሲሄዱ፣ በኋላ የሚመጣው ሰው እንዳይቆፍረው ማን ይነግረዋል?» አለች። በሳምንቱ የክበቡ ስብሰባ አጀንዳ ይኸው ሆነ።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከኑክሌር ጦር መሣሪያ ምርት የተረፈ በጨረር አመንጪ ነገር የተበከለ ጓንት፣ ልብስና መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ 655 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ባለ የጨው ንጣፍ ውስጥ ይቀበራል። ለ10,000 ዓመት እንዲታሰብበት ደንብ ስለወጣ፣ ከላዩ ምን ምልክት ይቁም ብለው የቋንቋና የአርኪዮሎጂ ምሁራንን ሳይቀር አማክረዋል። አንዱ ሐሳብ ከመሬት ፈንቅሎ የሚወጣ ግዙፍ የድንጋይ እሾህ ሜዳ ነበር። ጽሑፉ ደግሞ በስድስቱ የተባበሩት መንግሥታት ቋንቋዎችና በአካባቢው ነባር ሕዝብ በናቫሆ ቋንቋ እንዲሆን፣ የወደፊቱ ሰው በራሱ ቋንቋ የሚጨምርበት ባዶ ቦታም እንዲተውለት ተመከረ። ልጆቹ ከእሾሁ ይልቅ ባዶውን ቦታ ወደዱት። የእኛ ድንጋይ ጣና ዳር ቢቆም አማርኛ፣ ግእዝና አዊኛ ይጻፍበት ከተባለ በኋላ በአራተኛው ቋንቋ መስማማት አልተቻለም። አክሱም ያለው የኢዛና ጽሑፍ 1,700 ዓመት ገደማ መሆኑን ሳስታውሳቸው ግን ክርክሩ ጋብ አለ። 10,000 ዓመት የዚያ ስድስት እጥፍ ያህል ነው።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አባላቱ የየራሳቸውን ምልክት ሣሉ። እርስ በርስ ከመሞጋገስ ብለን ዳኝነቱን በአቅራቢያችን ላለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የ2ኛ ክፍል ሕፃናት ሰጠን። የዓመቱ ምርጥ ሥራ ይህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 በርክሌይ ውስጥ የተፈጠረውን ባለ ሦስት ክንፍ የጨረር ምልክት «ቬንትሌተር» አሉት። የእሾሁን ሥዕል ያየች ልጅ «አጥር ነው፤ ውስጡ ማንጎ አለ» አለች። አልተሳሳተችም፤ ባሕር ዳር ውስጥ በእሾህ የሚታጠረው የሚበላ ያለበት ግቢ ነው። ምሁራኑንም ያሳሰባቸው ይኸው ነው፤ የሚያስፈራ አጥር ሀብት ፈላጊ ይጠራል።

ሦስተኛው ሥራ ተከታታይ ሥዕል ነው፦ ሰውዬው ይቆፍራል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። ከሰዓት በኋላ ቁርኣን የሚቀራ ልጅ ከቀኝ ጀምሮ አነበበውና «ሞቶ ነበር፣ ተነሣ፣ አሁን እየሠራ ነው፤ ድንጋዩ አዳነው» ብሎ አስረዳን። ሠዓሊዎቻችን «ገልብጦ ነው ያየው» ሲሉ አልተቀበልኳቸውም። ሥዕሉን ከላይ ወደ ታች ደረደሩት፤ ከዚያ ወዲህ ከታች የጀመረ ሕፃን አልገጠመንም።

10,000 ዓመት ሩቅ ነው የሚል አንባቢ ካለ ብራዚልን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1987 ጎያኒያ ከተማ፣ ከተዘጋ ክሊኒክ ውስጥ የተተወ የካንሰር ማከሚያ መሣሪያ ሰዎች ፈተው ለቆራሌ ሸጡት። በውስጡ የነበረው ጨረር አመንጪ ሲዚየም 137 በጨለማ ሰማያዊ ስለሚያበራ ለዘመድ ወዳጅ ተከፋፈለ፤ አራት ሰዎች ሞቱ፣ አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ናት።

በሚያዝያ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባበት ሁላችንም የምንገባበትን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን መረጥን። እዚያ ያገኘናቸው መሪጌታ፣ ብራና መጻሕፍት መጨረሻቸው ላይ የሰረቀም የፋቀም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል እንደሚጻፍባቸው ነገሩን። በመልሱ ጀልባ ላይ የ10ኛ ክፍሉ አባላችን «መቅደላ ላይስ?» አለ። እውነቱን ነው፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ጭኖ ከወሰዳቸው ብራናዎች ውስጥም ውግዘት ያለባቸው አሉ። ማንበብ የማይችለውን ወታደር ውግዘቱ ምን ሊያደርገው?

ቶማስ ሴቢዮክ የተባለ የምልክት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ ጉዞ በኋላ ነው ትርጉም የሰጠን። ማስጠንቀቂያውን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያስተላልፉ፣ ተተኪያቸውን ራሳቸው የሚመርጡ «የአቶም ካህናት» ይቋቋሙ ብሎ ነበር። እኔ በበኩሌ ከእሾህ ሜዳ ይልቅ ይህ ያሳምነኛል፤ ድጓው እስከ ዛሬ የደረሰው ብራናው ስለጠነከረ ብቻ ሳይሆን የኔታ ፊት ተቀምጦ የሚቀጽል ተማሪ ስላልጠፋ ነው። ጥያቄውን ያመጣችው ልጅ ግን አልተዋጠላትም። «ምስጢሩን የያዙት ሰዎች አንድ ቀን ለራሳቸው ጥቅም ቢያደርጉትስ? ለሁሉም ሰው ይነገር» አለች። ግማሹ አባል ከእሷ ጋር ነው። ፊንላንዶች ኦንካሎ በሚባለው ስፍራ 430 ሜትር ገደማ አለት ውስጥ ለሚቀብሩት ያገለገለ የኑክሌር ነዳጅ፣ ጭራሽ ምልክት ባይኖር ይሻላል፣ ይረሳ የሚሉ ሰዎች መኖራቸውን ስነግራቸው ክርክሩ ሦስት ወገን ሆኖ ጥበቃው በር ሊዘጋ መጥቶ አስወጣን።

ሥዕሎቹና ሕፃናቱ የሰጧቸው መልሶች ቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። በ2018 ዓ.ም. እነዚያኑ ሕፃናት፣ 3ኛ ክፍል ሆነው፣ ሥዕሉን ሳናሳያቸው ምን እንደሚያስታውሱ እንጠይቃለን፤ ለታናናሾቻቸው የነገሩ ካሉም ታናናሾቹን እንጠይቃለን። ዋና ሠዓሊያችን 12ኛን ስለጨረሰ ሥዕል የሚችል አባል እንፈልጋለን። ምዝገባው መስከረም ላይ ትምህርት እንደተጀመረ በእኔ በኩል ነው።