ይድረስ ለውድ አባየ፤ ደሴ

ውድ አባየ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ በዱዓዎ ደኅና ነን፤ አላህ ይመስገን። ታላቁ ልጅ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ ለሚኒስትሪ ፈተና እየተዘጋጀ ነው። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር «አያቴ ናቸው» እያለች ትሮጣለች።

ባለፈው «ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተደፍተሽ የምትማሪው ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቆርጦ ሳልመልስልዎ ቀረሁ። በኢንተርኔት የምማረው ያለ ሹፌር የሚሄድ መኪና እንዴት እንደሚሠራ ነው። ዕድሜዎን በመሪ ላይ ላሳለፉት ለእርስዎ ቀልድ ሊመስልዎ ስለሚችል ከጅምሩ ላጫውትዎ። እ.ኤ.አ. በ2004 እንዲህ ያሉ መኪኖች በአሜሪካ በሞሃቪ በረሃ ሲወዳደሩ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር ከሚበልጠው መንገድ እጅግ ርቆ የሄደው 12 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ቆመ። በዓመቱ በሌላ የበረሃ መንገድ በተደረገው ውድድር ግን አምስት መኪኖች እስከ መጨረሻው ደረሱ፤ አንደኛ የወጣው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው መኪና ሰባት ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። የዚያ ቡድን መሪ የነበሩት ሴባስቲያን ትሩን በኋላ ትምህርቱን በኢንተርኔት ከፈቱት፤ እኔን የመሰለ ሰውም አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚማረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተሰጡን ሥራዎች አንዱ፣ ፕሮግራሙ በካሜራ ከተቀረጸ ፊልም ላይ የመንገዱን መስመር እንዲለይ ማድረግ ነበር። ብሩህና ጨለማ የሚዋሰኑበትን ጠርዝ ይፈልግና ከጠርዞቹ ቀጥ ያሉትን መርጦ በቀይ ያሰምርባቸዋል። ከትምህርቱ ጋር በመጣው ፊልም ላይ አልተሳሳተም። ወንድሜ ሐረጎን ሲወርድ በስልኩ የቀረጸውን ስሰጠው ግን፣ የመንገዱ ቀለም ለቅቆ ስለነበር አስፋልቱ ላይ የተጋደመውን የባሕር ዛፍ ጥላ መስመር ነው ብሎ ያዘና፣ ኩርባው በሚጠመዘዝበት ቦታ ቀዩን ምልክት ቀጥ አድርጎ ወደ ገደሉ ሰደደው። እርስዎ ያንን ቁልቁለት በጉም፣ በኤንትሬ፣ ከነተሳቢው ሲወርዱት መንገዱን በምን ይለዩት ነበር? ከልቤ ነው የምጠይቅዎ፤ የሚያስተምሩኝ ሰዎች ይህን አያውቁትም።

ይህን ጥያቄ በልጅነቴ ልጠይቅዎ የምችልበት ቦታ አልነበረኝም። በሆጤ ሜዳ ወንድሜን አጠገብዎ አስቀምጠው ማርሽ ሲያስለውጡት እኔ ውጭ ቆሜ አይ ነበር። «ለሴት ልጅ መሪ ምን ያደርግላታል?» ያሉትን እርስዎ ረስተውት ይሆናል፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። ከአሰብ መንገድ አቧራ ጋር እየታገሉ ደብተር ሳይጎድልብኝ ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ አመሰግንዎታለሁ፤ ያ ቃል ግን ዛሬም ይቆረቁረኛል። ይህን ትምህርት ስጀምር መጀመሪያ ትዝ ያለኝም እሱ ነው።

ከተማርሁት ሁሉ እጅግ የወደድሁት፣ መኪናው ያለበትን ቦታ ሲገምት የጥርጣሬውንም መጠን አብሮ ማስላቱ ነው። ሩዶልፍ ካልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ሳያይ በተጓዘ ቁጥር ጥርጣሬው እየሰፋ ይሄዳል፤ ካሜራውና ርቀት የሚለካበት ሌዘር አዲስ ነገር ባሳዩት ቁጥር ደግሞ ይጠባል። ጥርጣሬው ልክ ሲያልፍ ፍጥነቱን እንዲቀንስ፣ ካስፈለገም ዳር ይዞ እንዲቆም ተደርጎ ይሠራል።

አባየ፣ እማየ ሁሉንም ነግራኛለች፤ እባክዎ አይቆጧት። ከኮምቦልቻ ማታ ሲመለሱ የመጪው መኪና መብራት ዓይንዎን ወግቶት ፒክአፑ ከአስፋልት መውጣቱን፣ ሐኪሙም የዓይን ሞራ እንደሆነ ከነገረዎ መክረሙን ሰምቻለሁ። እርስዎን ያህል ሾፌር እንዳይነዳ መጠየቅ ለእኔ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ቁልፉን ዛሬውኑ ለወንድሜ ይስጡት። ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚነሣ ነገር ነው፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ሩቅ አይደለም። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ በሚቀጥለው ወር መጥቼ ሆስፒታል የምወስድዎት እኔው ነኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሰንብቻለሁ፤ ያልነገርሁዎት ምን እንደሚሉ ስለፈራሁ ነው። እስከዚያው የሐኪሙ ወረቀት እንዳይጠፋ እማየ ታስቀምጠው፤ የጤና መድን ደብተርዎ ዘንድሮ መታደሱንም ወንድሜ ያጣራ።

አክባሪ ልጅዎ