የፊልም ክበብ ዘገባ፦ አንድ ዓመት ከቱርካን ሾራይ ጋር

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። የፊልም ክበብ ማለት ተማሪ ሰብስቦ ፊልም መኮምኮም አይደለም። ይህን የምለው መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይ ሲጠጣ የሚወረወረው ቀልድ ጆሮዬ ስለሚደርስ ነው። የ2017 ዓ.ም. ርዕሳችን የአንዲት ቱርካዊት ተዋናይት የፊልም ሕይወት መሆኑ ሲታወቅማ ቀልዱ ባሰበት። «የቱርክ ድራማ ቤት ውስጥ አልበቃ ብሎን ደግሞ እዚህ?» ተባልን።

ልጆቻችን ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ድራማ በአማርኛ እየሰሙ ነው ያደጉት። ማየታቸው ካልቀረ ከምንጩ ይወቁት አልን። ምንጩ ዬሺልቻም ነው፤ ኢስታንቡል ውስጥ ቤዮሉ በሚባለው ሰፈር የፊልም ኩባንያዎች የከተሙበት መንገድ ነበር፣ ኋላ ስሙ ለዘመኑ የቱርክ ፊልም በሙሉ መጠሪያ ሆነ። በደራበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያ በዓመት 300 ያህል ፊልም ይወጣ ነበር። የዚያ ዘመን ንግሥት ደግሞ ቱርካን ሾራይ ናት፤ የአገሯ ሰዎች «ሱልጣን» ይሏታል።

ስብሰባዎቻችን እንደ ወትሮው ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ተካሂደዋል። ሰብሳቢና ጸሐፊ ተመርጠዋል፣ አቴንዳንስ ተይዟል፣ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ። የሚፈልግ ይመልከተው።

ተማሪዎቹን መጀመሪያ የገረማቸው ዕድሜዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ተወልዳ በ1960 ካሜራ ፊት ስትቆም የ15 ዓመት ልጅ ነበረች፤ የእኛ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ማለት ነው። በ1964 በተካሄደው የመጀመሪያው የአንታልያ የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይትነት ሽልማቱን ወሰደች። ከ200 በላይ ፊልሞች ሠርታለች። ስሟ ሲገን ለአምራቾች የራሷን ሕግ አወጣች፦ መሳሳም የለም፣ ልብስ ማውለቅ የለም፣ እሑድ ሥራ የለም፣ ታሪኩን አስቀድሜ ካላነበብኩ አልሠራም። በዚህ ላይ ያደረግነው ክርክር የዓመቱ ሞቅ ያለ ስብሰባ ነበር። ግማሹ ክብሯን አስጠበቀች አለ፣ ግማሹ ሙያዋን አጠበበች አለ። በ1982 «ሚኔ» በተባለው ፊልም ሕጓን ራሷ ስታነሳው ግን ሁለቱም ወገን ግራ ተጋባ። (ፊልሙን ለተማሪ አላሳየሁም፤ ነግሬያቸው አለፍኩ። ወላጆች እንዲያውቁልኝ ነው።)

በ1972፣ ገና በ27 ዓመቷ፣ «መመለስ» የሚል ትርጉም ያለውን ፊልም ራሷ አዘጋጅታ ራሷ ተወነችበት። ባሏ ለሥራ ጀርመን ሄዶባት መንደር የቀረች ሴት ታሪክ ነው። ይህን ለእኛ ልጆች ማብራራት አላስፈለገኝም። እናቱ ወይ አክስቱ ዓረብ አገር ያለች ተማሪ በየክፍሉ አለ።

አሁን ተማሪዎቹን ወደ ወሰድንበት የድምፅ ስቱዲዮ ልምጣ። የዬሺልቻም ፊልሞች ያለ ድምፅ ነበር የሚቀረጹት፤ ድምፁ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይገባል፣ አብዛኛውን ጊዜም የምንሰማው የተዋናይዋን ሳይሆን የሌላ ሰው ድምፅ ነው። ይህን በተግባር እናሳያቸው ብለን፣ የአንድ ተማሪ አባት ባላቸው ትውውቅ፣ ከተማችን ውስጥ ያለ አንድ የድምፅ ስቱዲዮ በሩን ከፈተልን። ለልምምድ የመረጥነው ከኪርጊዛዊው ደራሲ ከአይትማቶቭ ልብ ወለድ ተነሥቶ ቱርካዊው አቲፍ ይልማዝ ያዘጋጀውን ፊልም መጨረሻ ነው። ቱርካን የምትተውናት አስያ መንገድ ዳር ቆማለች። በአንድ በኩል የምትወደው፣ ጥሏት የነበረው የጭነት መኪና ሾፌር ኢሊያስ፤ በሌላ በኩል ልጇን ያሳደገላት ጀምሺት። ሕፃኑ ሮጦ ጀምሺትን «አባዬ» ይለዋል። አስያ ከንፈሯን አታንቀሳቅስም፤ የምንሰማው ሐሳቧን ነው።

እንድታነብ የተመረጠችው ልጅ በጉንፋን ድምፅዋ ተዘግቶ መጣች። ወረቀት እንድትይዝ ብቻ ያመጣናትን፣ ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳ እጇን አውጥታ «አቤት» የማትለውን የ10ኛ ክፍል ተማሪ ማይክሮፎኑ ጋ አስቀመጥናት። የጆሮ ማዳመጫው ሰፍቷት በአንድ እጇ ደግፋዋለች። የመጀመሪያውን መስመር አነበበች፤ ከዚያ ዝም። እኔ ፈራች ብዬ በመስታወቱ በኩል በእጄ «ቀጥይ» አልኳት። ዞርም አላለች። ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ቆየችና ቀጠለች፣ እንደገና ዝም አለች፣ ጨረሰች። ባለሙያው ድምፁን መልሶ ከምስሉ ጋር ሲያሰማን እያንዳንዱ ዝምታ ቦታው ላይ ነበር። «ማነው ያስተማረሽ?» ሲላት «ዓይኗ ሳይጨርስ ለምን ልናገር?» አለችው። ሱልጣኗ የምትታወቀው በዓይኗ መሆኑን ብዙ ስብሰባ ላይ ለፍልፌያለሁ፤ እንደዚያች ልጅ አድርጌ ግን አላስረዳሁም። ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ጓደኞቿ «አስያ» እያሉ ሲጠሯት መሳቅ ጀምራ ነበር።

ያልተሳካልንም አለ። በወላጆች በዓል ዕለት ሥራችንን ልናቀርብ ስንል መብራት ሄደ፤ በስልክ ስክሪን ለፊት ወንበሮች ብቻ አሳየን። ሁለተኛው መንፈቅ የብሔራዊ ፈተና ዝግጅት የ12ኛ ክፍል አባሎቻችንን ወሰደብን። ፊልም የምናይበት ያረጀ የክፍል ፕላዝማ ግማሽ ፊቱ አረንጓዴ ነው፤ ድምፅ ማጉያውን ከሚኒ ሚዲያ እየለመንን ነው የከረምነው። የስፖርት ክበብ ኳስ ሲቀደድበት በሳምንቱ ሌላ ይገዛለታል፤ ይገዛለትም፣ አልቃወምም። እኛም ግን አምፖሉ የተቃጠለ ፕሮጀክተር ይዘን ለሦስት መንፈቅ ደብዳቤ ጽፈናል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ የፕሮጀክተር አምፖል፣ አንድ ማይክሮፎን፣ ለልጅ ጭንቅላት የሚሆን የጆሮ ማዳመጫ። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት በመጪው በጀት ቢያስብልን፣ ቤታቸው ተቀምጦ የማይሠሩበት ዕቃ ያላቸው ወላጆችም ለክበቡ ጸሐፊ ቢያስመዘግቡ፣ በ2018 ዓ.ም. አንድ ሙሉ አጭር ፊልም በራሳችን ልጆች ድምፅ ለመሥራት ዝግጁ ነን። አንባቢዋ ተገኝታለች፤ የቀረው አምፖሉ ነው።