ሶሎቬይቺክ የረቤው ደቀ መዝሙር አልነበሩም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሐሲዲም፣ ማለትም ልብንና ጸሎትን ስለሚያስቀድሙት የአይሁድ ወገኖች፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይገኝምና በርቱ። አንዱ አንቀጽ ግን አልዋጥልህ አለኝ። የአይሁድ ሕግ ሊቁ ራቢ ዮሴፍ ዶቭ ሶሎቬይቺክ «በመጨረሻ የሉባቪቹ ረቤ ደቀ መዝሙር ሆኑ» ይላል። ረቤ የሐሲዲም መሪ ማለት ነው፤ ሉባቪች ደግሞ ሐባድ የሚባለው የሐሲዲም ቅርንጫፍ ነው፤ እዚህ የተባሉት ረቤ ሜናኼም ሜንደል ሽኔርሶን ናቸው። ማስረጃው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ብሩክሊን ሄደው በረቤው ጉባኤ ላይ መቀመጣቸው ነው። ኧረ በሉ! ሰው ቤት ሄዶ መቀመጥ ደቀ መዝሙር የሚያደርግ ከሆነማ ሁላችንም የስንቱ ደቀ መዝሙር ሆነናል።

እዚህ እስራኤል ውስጥ ላለነው ለብዙዎቻችን ነገሩ ሩቅ ይመስላል። ከጎንደር የመጡት ወላጆቼ ሐሲዱንም የሐሲዱን ተቃዋሚም «ባለ ጥቁር ኮፍያ» ብለው ነው በአንድ የሚጠቀልሏቸው። አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ወቅት የተወጋገዙ ናቸው። በ1772 ቪልና ላይ ሐሲዲም ሲወገዙ ከውግዘቱ ጀርባ የነበሩት ታላቁ ሊቅ ቪልና ጋኦን ናቸው። በኋላ ሐባድን የመሠረቱት ራቢ ሽኔኦር ዛልማን ከቪቴብስኩ ራቢ ሜናኼም ሜንደል ጋር ሆነው ሊያነጋግሯቸው ቪልና ድረስ ሄዱ። ጋኦን በር አልከፈቱላቸውም። ይህን ሽኔኦር ዛልማን ራሳቸው በደብዳቤ ጽፈውታል።

ሶሎቬይቺክ የሚወለዱት ከጋኦን ዋና ተማሪ ከራቢ ኻይም ዘር ነው፤ የቮሎዢንን የሺቫ (የኦሪት ትምህርት ቤት) ከመሠረቱት ማለት ነው። ረቤ ሜናኼም ሜንደል ሽኔርሶን ደግሞ የሽኔኦር ዛልማንን ወንበር የወረሱ ሰባተኛው መሪ ናቸው። እንግዲህ አንዱ በሩን የዘጋው፣ ሌላው በር ላይ የቀረው ወገን ልጅ መሆናቸው ነው። ጸሐፊያችሁን የማረከውም ይሄ ይመስለኛል። ግን ጠቡ እስከ 1980 እርቅ ሲጠብቅ አልኖረም። በ1843 የሩሲያ መንግሥት በአይሁድ ትምህርት ጉዳይ ራቢዎችን ፒተርስበርግ ሲጠራ የቮሎዢኑ ራቢ ይስሐቅና ሦስተኛው የሉባቪች ረቤ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ነበር።

ሶሎቬይቺክ ወደ ሐባድ የተሳቡትም በሽኔርሶን ምክንያት አይደለም። አባታቸው ኻስላቪቺ በምትባል፣ ሐባዶች በሞሉባት ከተማ ራቢ ነበሩ። ትንሹን ዮሴፍ የሚያስተምረው መምህርም ሐባድ ነበር። ሰውዬው ታልሙድ (ትልቁን የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ) ማስተማሩን ትቶ ለልጁ ታንያ የሚባለውን የሽኔኦር ዛልማንን መጽሐፍ ያነብለት ነበር! እናትየው ልጇ በታልሙድ ወደ ኋላ መቅረቱን አይታ አቤት አለች፣ ከዚያ በኋላ አባትየው ራሳቸው ማስተማር ያዙ። ታንያው ግን አንዴ ገብቷል። ሽማግሌ ሆነው እንኳ ሲያስተምሩ ይጠቅሱታል፣ ስለዚያ መምህር ሲያወሩም በፍቅር ነው። ደቀ መዝሙርነት ካላችሁ የዚያ ስሙ ያልገነነ የመንደር መምህር ደቀ መዝሙር ናቸው በሉ፣ እሱን እቀበላለሁ።

ፍቅር ስል ደግሞ መስማማት ማለቴ አይደለም። ሶሎቬይቺክ በ1944 ባሳተሙት ትልቅ ድርሰት ውስጥ ስለ አባታቸው አንድ ታሪክ አለ። ሮሽ ሀሻና፣ የአይሁድ አዲስ ዓመት ነው፣ መለከት ሊነፋ ነው። ነፊው በምሥጢራቱ የጠለቀ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሐባድ ነው፣ ማልቀስ ጀመረ። አባትየው ዘወር ብለው፣ «ሉላቭ (በዳስ በዓል የሚያዘውን የተምር ዝንጣፊ) ስትይዝ ታለቅሳለህ? ታዲያ መለከት ስትነፋ ለምን ታለቅሳለህ? ሁለቱም የእግዚአብሔር ትእዛዝ አይደሉም?» አሉት። እኔ ይህን ሳነብ በሐሲዱ አዘንኩ፣ እውነቱን ለመናገር ልቤ ከአልቃሹ ጋር ነው። የሶሎቬይቺክ ቤት ግን ይሄ ነው፤ ትእዛዙን በሕጉ ልክ ፈጽም፣ ስሜትህ ሕጉን ይከተል። ልጁ ታሪኩን የጻፉት ከአባታቸው ጎን ቆመው ነው።

ከሽኔርሶን ጋር የተገናኙት በ1920ዎቹ መጨረሻ በርሊን ነው፣ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ በሚመላለሱበት ጊዜ። ስለ በርሊኑ ዘመን ብዙ ይወራል፣ እሱን ለወሬኞቹ ልተወው። በኋላ አንዱ ቦስተን፣ ሌላው ብሩክሊን ሆኑ። በ1964 የረቤው እናት ሲያርፉ ሶሎቬይቺክ ሊያስተዛዝኑ ሄዱ። ሁለቱ ተቀምጠው ያወሩት ስለ ሐዘን ሕግ ነው፤ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ሌላ ኦሪት መማር አይፈቀድለትም፣ የሐዘን ሕግ ግን ይፈቀዳል። ሁለት ሊቃውንት እንዲህ ሲጽናኑ ማየት ምንኛ ደስ ይል ነበር። ጸሐፊያችሁ ግን ይህን ጭራሽ አላነሳም።

የ1980ው ጉብኝት ትልቅ ነገር ነው፣ አልካድኩም። ሶሎቬይቺክ ሰባዎቹን እያገባደዱ ነው። ሲገቡ ረቤው ከመቀመጫቸው ተነሡላቸው። ለጥቂት ጊዜ ነው የመጡት ቢባልም ሁለት ሰዓት ገደማ ቆዩ። ሐባዶች እስከ ዛሬ በኩራት ያወሩታል፣ መብታቸው ነው። ከሶሎቬይቺክ ተማሪዎች አንዳንዱ ደግሞ «እንዲያው ለይሉኝታ ነው» እያለ ሊያኮስሰው ይሞክራል። እሱም ልክ አይደለም። ሰው ለይሉኝታ ብሎ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሌላን ሰው ትምህርት አይሰማም።

በትልልቁ ጉዳይ ግን ያው እንደተለያዩ ናቸው። ሶሎቬይቺክ የሃይማኖተኛ ጽዮናውያን ንቅናቄ የሚዝራሒ የክብር ፕሬዚዳንት ነበሩ። ሽኔርሶን የጽዮናዊነትን አስተሳሰብ አልተቀበሉም። ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ ስለተያዘው መሬት ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ጽዮናዊው ሶሎቬይቺክ፣ ጥያቄው ነፍስ የማዳን ጥያቄ ነው፣ ምን እንደሚያድን የሚያውቁት የጦር ባለሙያዎች ናቸው፣ እነሱ ይወስኑ አሉ። ጽዮናዊ ያልሆኑት ሽኔርሶን ያንኑ የነፍስ ማዳን ሕግ ይዘው አንድ ስንዝር መሬት አይሰጥም አሉ። መነሻቸው አንድ ሕግ ነው፣ መድረሻቸው ግን ለየቅል። ለእኛ እዚህ ለምንኖረው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በየምርጫው የምንነታረክበት ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ክፍል የሚወጣ ከሆነ ሁለት ሦስት አንቀጽ ለዚህ ስጡት፣ የጉባኤው ፎቶግራፍ ይብቃን።

ሌላ ትንሽ እርማትም አለኝ። ጽሑፉ ረቤው በ1950 መሪ ሆኑ ይላል። በ1950 ያረፉት ከሳቸው በፊት የነበሩት ረቤ፣ የሚስታቸው አባት ናቸው። ሽኔርሶን መሪነቱን በይፋ የተቀበሉት ከአንድ ዓመት በኋላ በ1951 ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከነታንያ