ሂላሪ የተሸነፈች ቀን

እህት ዓለም እንደምን ከረምሽ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ማለቴ፣ ለእማማ ለቅሶ እንኳን አለመድረሴ... መንገዱ ተዘግቶ ነበር፣ ግን ስልኩ አልተዘጋም ነበር፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ስንገናኝ እግርሽ ላይ ወድቄ አወራሻለሁ፣ አሁን ልጄ አስጨንቃኝ ነው።

8ኛ ክፍል ገብታለች። የሴቶች ክበቡ ለተማሪዎች ፓርላማ ፕሬዚዳንትነት የሚያቀርበው አንድ እጩ ስለሆነ መጀመሪያ እርስ በርስ ተወዳደሩ፣ እሷና ያቺ እኔ ቤት ያደገችው የጎረቤት ልጅ። በ4 ድምፅ ተሸነፈች። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆናቸው፣ ልጅቷ በር ላይ ስትጣራ የኔዋ ብርድ ልብስ ተከናንባ ትተኛለች፣ ይባስ ብላ "ለሌላው ክበብ እጩ ነው የምመርጠው" አለችኝ። አንቺስ ያኔ ሂላሪ ክሊንተን በኦባማ ስትሸነፍብሽ "ከኦባማ የሌላው ፓርቲ ማኬይን ይሻለኛል" ብለሽ የለ! ማርቆስ ቁጭ ብለሽ!

የ2000 ዓ.ም. የኪራይ ክፍላችን ትዝ አለችኝ፣ ማታ 3 ሰዓት የአሜሪካ ድምፅን ከፍተን፣ ሁለቱ ለዴሞክራቶች እጩነት ሲፎካከሩ፣ የአዮዋን ግዛት ኦባማ ሲወስድ እኔ ስጨፍር፣ የገና ማግስት ደግሞ ኒው ሃምፕሸርን ሁሉም ለሱ ሰጥቶት ሳለ ሂላሪ አሸነፈችና መቀመጫ አሳጣሽኝ። ያንን በሌሊት የሚጮኸውን ስልክ ማን ያንሳው የሚል ማስታወቂያዋን ስንቴ ደገምሽው! የአንድ ፓርቲ ሰዎች ሆነው እስከ ግንቦት መጨረሻ ተናከሱ።

ኦባማ ለእጩነት የሚያበቃው የጉባኤ ተወካዮች ቁጥር የሞላለት ቀን... እንዴት ልበልሽ፣ ነጠላሽን ተከናንበሽ ወደ ግድግዳው ዞረሽ ስታለቅሺ አይቼሻለሁ። እያየሁሽ ነው እልል ያልኩት። ይሄን ነግሬሽ አላውቅም።

ለልጄ የነሐሴውን ነገርኳት፣ ወደ 18 ሚሊዮን ሰው የመረጣት ሴትዮ ዴንቨር የፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ ራሷ ተነስታ የድምፅ ቆጠራው ይቅር፣ ኦባማ በጭብጨባ ይመረጥ እንዳለች፣ በኋላም የሱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እንደሆነች። ዝም ብላ ሰማችኝና "አንቺ እኮ ያሸነፈው ወገን ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሂላሪ እንደዚያ ስትል አንቺ ምን እንደተሰማሽ፣ እንዴት እንደቻልሽው፣ ይሄው ስንት ዓመት አንድ ቀን እንኳን ጠይቄሽ አላውቅም።

እና ላንቺ ነው የተውኩት። እኔን አትሰማም፣ አንቺን ትሰማለች። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ደውይ፣ ስልኩን እሷ ታነሳዋለች፣ እኔ ጓሮ እወጣላችኋለሁ። ዋናው ምርጫ ረቡዕ ነው።