የላንድክሩዘር ዋጋ ናረ፣ ገዢ ጠፋ

ስለ መኪና ገበያ መቀዛቀዝ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው የምጽፈው። እኛ ጎንደር ችግሩ የባሰው ጉልበተኛ ፎር ዊል መኪኖች ላይ ነው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ዓመት የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባትም ተከልክሏል። አዘዞ መንገድ ዳር «የሚሸጥ» የተለጠፈባቸው ላንድክሩዘሮች አቧራ ለብሰው ቆመዋል። ዋጋ ጠያቂ ሞልቷል፤ ገዢ ግን የለም።

ነገሩ የቅንጦት አይደለም። ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣው ዳገት ጉልበት ይፈልጋል። ያረጀው ካልተተካ አስጎብኚውም ሾፌሩም ሥራ ይፈታሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ለከተማ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ለተራራው ግን ቻርጅ ማድረጊያ ይቅደም።

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጎንደር–ደባርቅ መስመር ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ያስተክል። እስከዚያው ፈቃድ ላላቸው አስጎብኚዎች ፎር ዊል በግልጽ ኮታ ይፍቀድ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር