የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የመርከብ ሆድ ለምን ቀይ ይቀባል?

ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን፣ የሳይንስ ክበባችን ዓመቱን በመርከብ ቀለም ማሳለፉ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳያስቅ አልቀረም። ጥያቄውን ያመጣችው አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚያሽከረክሩት አባቷ ወደብ ላይ ያነሱትን ፎቶግራፍ ለክበቡ አባላት አሳይታ፣ መርከቡ ከውኃው መስመር በላይ ጥቁር ሆኖ ከታች ለምን ቀይ እንደሆነ ጠየቀች። ቀይነቱ በልማድ የቆየው፣ ለዚህ ሥራ የሚውለው ቀለም ከጥንት ጀምሮ ቀይ የመዳብ ኦክሳይድ ስለሚገባበት ነው። ቀለሙ አንቲፋውሊንግ ይባላል፤ ሥራውም ማስዋብ ሳይሆን በውኃ ውስጥ ያለው አካል ላይ አልጌና የባሕር እንስሳት እንዳይለጠፉ መከላከል ነው።

ከሚለጠፉት ሁሉ ተማሪዎቹን ያስገረመው ባርናክል ነበር። ይህ የሸርጣን ዘመድ በጨቅላነቱ እየዋኘ ቦታ ይመርጣል፤ ከዚያም በጭንቅላቱ በኩል ራሱን በጠንካራ ሙጫ አጣብቆ፣ የኖራ ቤት ሠርቶ፣ ዕድሜውን በሙሉ በእግሮቹ ምግብ ወደ አፉ እየሰበሰበ ይኖራል። እንዲህ ያለ ፍጡር የለበሰ መርከብ ውኃው ስለሚይዘው ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ነዳጅም ይበላል። ባርናክል የባሕር ፍጡር በመሆኑ የጣና ጀልባዎች ይህ ችግር የለባቸውም፤ አልጌ ግን በጨው አልባ ውኃም ይበቅላል። ለሙከራችን የበቃንም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለአትክልት ማጠጫ ከተሠራው የሲሚንቶ ገንዳ ቀድተን በሁለት በርሜሎች ውኃ ሞላን። በአንደኛው ያልተቀባ ጣውላና የዘይት ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ በሌላው ደግሞ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ጣውላ አንጠለጠልን። መዳቡን ለብቻው ያደረግነው የሚሟሟው መዳብ ሌሎቹን እንዳይነካና ውጤቱን እንዳያበላሽብን ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ብዙም የታየ ለውጥ አልነበረም። ፀሐዩ ሲበረታ ግን ያልተቀባው ጣውላ የሚያሙለጨልጭ አረንጓዴ ለበሰ፤ የዘይት ቀለም የተቀባውም ጥቂት ዘግይቶ ተከተለው። መዳብ የተጠመጠመበት ጣውላ ከሽቦው ግራና ቀኝ ንጹሕ ሆኖ፣ ሽቦው በተራራቀበት ጫፍ ላይ ብቻ አረንጓዴ ጭረት ታየበት።

ከዚህ ቀጥሎ የተደረገው ሙከራ በእኔ አስተያየት የዓመቱ ምርጥ ሥራ ነበር። ተማሪዎቹ ጨው በተጨመረበት ውኃ ውስጥ ሁለት የብረት ላሜራዎች አስገቡ፤ በአንዱ ላይ መዳቡን በቀጥታ ጠመጠሙት፣ በሌላው ላይ ግን በብረቱና በመዳቡ መካከል ፕላስቲክ አደረጉ። በቀጥታ የተነካካው ላሜራ ሽቦው ባረፈበት መስመር ክፉኛ ዛገ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አላርም የተባለችውን መርከብ እ.ኤ.አ. በ1761 ሆዷን በመዳብ ባለበሰ ጊዜ የገጠመውም ይኸው ነበር፤ በኋላ ሲመረመር የብረት ሚስማሮቹ ተበልተው ተገኙ፣ ወረቀት ከመዳቡ የለያቸው ሚስማሮች ግን ደህና ነበሩ። ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ ደግሞ በ1824 መዳቡ ራሱ እንዳይበላ ብረትና ዚንክ አያያዘበት። መዳቡ መሟሟቱን አቆመ፤ ባርናክሉና አልጌው ግን እንደገና ተለጠፉ። መዳብ መርከብን የሚጠብቀው ቀስ በቀስ እየሟሟ መሆኑን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

በወላጆች ቀን ያቀረብነው ትዕይንት ጀልባ እንዴት እንደሚቀባ የሚያሳይ ነበር። በአውሮፓ የብርዱን ወራት ከውኃ ወጥቶ የቆየ ጀልባ ወደ ውኃ ከመመለሱ በፊት አሮጌው ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ ይህም የሚደረገው የሚፈገፈገውን ገጽ እያረጠቡ ነው፣ ምክንያቱም ደረቁ ብናኝ መርዛማ ነው። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ግድ ነው። መዳቡ ከባድ በመሆኑ በጣሳው ታች ስለሚዘቅጥ ቀለሙ ከሥር ጀምሮ በደንብ መማሰል አለበት። በውኃው መስመርና በመሪው ጠርዝ ላይ ፍጭቱ ስለሚበዛ ተጨማሪ ቀለም ይደረግበታል፤ ከዝገት የሚከላከሉት የዚንክ ቁርጥራጮች ግን ከተቀቡ ሥራቸውን ስለሚያቆሙ በፍጹም አይነኩም። አሉሚኒየም ጀልባም የመዳብ ቀለም አይቀባም። ለምን እንደሆነ ወላጆች ሲጠይቁ፣ ተማሪዎቹ የዛገውን ላሜራ ከማሰሮው አውጥተው አሳዩ።

መርዙ ከቀለሙ ወጥቶ ወዴት ይሄዳል የሚለውን ጥያቄ ያነሱት የባዮሎጂ መምህራችን ናቸው። ከመዳብ የበረታው ትሪቡቲልቲን የተባለ የቆርቆሮ (ቲን) ውህድ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሰፊው ሲቀባ ቆይቶ፣ በፈረንሳይ አርካሾን የባሕር ወሽመጥ ኦይስተር የተባለውን ለምግብ የሚረባ ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ ርቢ ጎድቶ ተገኘ፤ በሴት የባሕር ቀንድ አውጣዎች ላይም የወንድ አካል እንዲበቅል አደረገ። ፈረንሳይ በ1982 በትንንሽ ጀልባዎች ላይ ከለከለችው፤ በመርከቦች ላይ እንዳይቀባ የሚከለክለው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነትም በ2008 ሥራ ላይ ዋለ።

ይህ ውይይት ቶሎ ጠቀመን። የትምህርት ቤቱ የውኃ ታንከር ውስጡ አረንጓዴ እየሆነ በማስቸገሩ፣ አንዳንድ አባላት የመዳብ ቀለም እንዲቀባ ሐሳብ አቅርበው ነበር። የሚጠጣ ውኃ ውስጥ መርዝ የሚለቅ ቀለም እንደማይገባ የተቃወሙት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። አልጌ ያለ ብርሃን ስለማያድግ፣ ታንከሩ ታጥቦ ከውጭ በጥቁር ሸራ እንዲሸፈንና ክዳኑ እንዲጠበቅ ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ አቀረቡ፤ ሥራውም በግንቦት ተጠናቀቀ። ጣውላዎቹ በቤተ ሙከራ ባለሙያችን ኃላፊነት ሥር በበርሜሎቹ ውስጥ እንዳሉ ስለሆኑ፣ የመጪው ዓመት አባላት በመስከረም ከክረምቱ በኋላ ያለውን ለውጥ መዝግበው ሥራውን ይቀጥላሉ።